የአሮጌ ቤቶች የክብር ማሰናበቻ አዋጅ

መግቢያ

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች የሚገኙ አሮጌ ቤቶች የሠራቸውን ሰው ቀብረው፣ ልጆቹንም ቀብረው፣ አሁንም ያለ ማንም ትእዛዝ ቆመው በመገኘታቸው፤

ሆሳዕና ራስ አባተ ቧያለው አገሩን በገዙበት በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ ዋቸሞ ይባል በነበረው ስፍራ የተቆረቆረችና ስሟን ከበዓል የወሰደች ከተማ በመሆኗ፣ ከዚያም ወዲህ የመጣ አስተዳደር ሁሉ የቀደመውን አስተዳደር ቤት ከአያት የተረፈ የተሰበረ ወንበር አድርጎ ሲያየው የኖረ በመሆኑ፤

በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር የከምባታና ሀዲያ አውራጃ፣ ኋላም የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ የነበረችው ሆሳዕና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልል መቀመጫ በመሆኗ፣ የክልል መቀመጫ ደግሞ በጭቃ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ መታየት የማይገባው በመሆኑ፤

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 70 ሺህ ገደማ ነዋሪ የነበራት ከተማ ከዚያ ወዲህ እጅግ መስፋቷ፣ መንገድ፣ የውሃ መውረጃና የእግረኛ መሄጃ የሚያስፈልጋት መሆኑ እውነት ስለሆነ፣ እውነት የሆነ ነገር ደግሞ ከተያዘ በኋላ ለብዙ ሌላ ጉዳይ ምክንያት ሆኖ ስለሚያገለግል፤

ቤቶቹን የማፍረሱ ሥራ እስካሁን ግልጽ ሕግ ሳይወጣለት በትጋት ብቻ ሲከናወን በመቆየቱ፣ ትጋቱን በሕግ መደገፍ ተገቢ ሆኖ በመገኘቱ፤

በልማድ በተገኘው ሥልጣን መሠረት የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የአሮጌ ቤቶች የክብር ማሰናበቻ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር አልተሰጠውም። ቁጥር ያለው አዋጅ ተፈልጎ ይገኛል፤ ተፈልጎ የተገኘ አዋጅም ይነበባል።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ «አሮጌ ቤት» ማለት በመንገድ ዳር ያለ ቤት ነው። ከመንገድ የራቀ ቤት፣ የፈለገውን ያህል ዘመን ያስቆጠረ ቢሆን፣ መንገዱ እስኪደርስበት ድረስ እንደ አዲስ ይቆጠራል። «ቅርስ» ማለት ከድንጋይ የተሠራ፣ ለመግባት ቲኬት የሚቆረጥበትና ብዙውን ጊዜ በሌላ ክልል የሚገኝ ነገር ነው። «ውይይት» ማለት ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ በአዳራሽ የሚካሄድ፣ የታሸገ ውሃ የሚታደልበትና በጭብጨባ የሚዘጋ ስብሰባ ነው። «የልማት ተነሺ» ማለት ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው።

አንቀጽ 3. የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ በሆሳዕና ከአራዳ እስከ ጎፈር ሜዳና ሴች ዱና፣ እንዲሁም በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫ፣ በዶዮገና፣ በሾኔና በመሰል ከተሞች ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ ቤቶች ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። የከምባታውን ሀምበሪቾ ተራራ አይመለከትም። ተራራው 777 ደረጃ ተሠርቶለት ጎብኚ ይወጣበታል፤ ከዚህም ተራራን መንከባከብ እንደሚቻል ታውቋል። አንድ ቤት በተራራ ጫፍ ላይ ካልሆነ በስተቀር ይህን ልምድ ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርብ አይችልም።

አንቀጽ 4. የሚሰናበቱት ቤቶች ዓይነትና አሠራር

የአገሩ ጥንታዊ ቤት ክብ የሣር ቤት ነው። በመካከሉ ምሰሶ ይቆማል፤ አንደኛው ወገን የሰው፣ ሌላው የከብት ነው፤ ከጓሮው እንሰት፣ ከፊቱ መስክ ይዘረጋል። ይህ ቤት በገጠሩ አሁንም አለ። ከከተማው ግን ቀድሞ ስለወጣ ከአዋጁ ብዙ ሥራ አልጠበቀም፤ ቆርቆሮ በበቅሎና በመኪና ተጭኖ የመጣ ዕለት በሰላም ተሰናብቷል።

የከተማው አሮጌ ቤት ግን ያን ያህል በቀላሉ አልወጣም። ቋሚው ጽድ ወይም ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ከጭድ ጋር ሲረገጥ የሰነበተ ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ፊቱን ወደ መንገድ ያዞራል። ባለ ሁለት ተከፋች የእንጨት በሮች በአንድ መስመር ይደረደራሉ፤ ከፊት ሱቅ ወይም ሻይ ቤት፣ ከኋላ መኖሪያ፣ ከዚያም ማድ ቤትና እንሰት። ውስጡ በኖራ ይቀባል፤ ኮርኒሱ አቅም ላለው አቡጀዲ፣ ለሌለው ማዳበሪያ ከረጢት ነው። ቆርቆሮው ከግድግዳው አልፎ በቀጫጭን የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ሲያርፍ በረንዳ ይሆናል።

በረንዳውን በተመለከተ ጠበቅ ያለ ድንጋጌ ያስፈልጋል። ዝናብ የያዘው መንገደኛ ሳያስፈቅድ ይጠለልበታል። ልብስ ሰፊው ሲንጀሩን ይዘረጋበታል። በገበያ ቀን ቆጮና ቅቤ ተሸክማ የመጣች እናት ሸክሟን አሳርፋ ትንፋሿን ትሰበስብበታለች፤ ሽማግሌዎች የተጣሉ ጎረቤቶችን ያስታርቁበታል። በሆሳዕና ከፍታ ላይ፣ ዝናብ ረጅሙን የዓመቱን ክፍል በሚይዝበት አገር፣ በረንዳው ማንም ያልሾመው ማዘጋጃ ቤት ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ያለ ደረሰኝ የተከናወነ ነው። ስለዚህ በረንዳ ቀዳሚ ተሰናባች እንዲሆን ተወስኗል።

የዚህ ቤት ሌላው ጥፋት ንድፉን የሠራ መሐንዲስ የሌለው መሆኑ ነው። አናጢው፣ ጭቃ ረጋጩ፣ ለሳኙ ስማቸው በየትም አልተጻፈም። ፈረንጅ ወይም አርመን ወይም ሕንድ የሠራው ቤት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ስለ ስሙ ሲባል አንድ ሰው ፎቶ ያነሳው ነበር።

አንቀጽ 5. የማስረጀት ሥርዓት

ቤት በራሱ አያረጅም፤ እንዲያረጅ ይደረጋል። የጭቃ ቤት ክረምት በወጣ ቁጥር ምርጊት ይፈልጋል፤ ምስጥ የበላው ወይም የበሰበሰ ቋሚ እየተነቀለ በሌላ ይተካል፤ ቆርቆሮው ሲዝግ ይለወጣል። እንዲህ ከተያዘ ከባለቤቱ ዕድሜ ያልፋል። ካልተያዘ ጥቂት ክረምት ሲያልፍበት ይጎብጣል። ስለዚህ ቤትን ለማስረጀት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም «ቤቱ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዳይገኝ ማድረግ ነው።

ይህ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ተፈጽሟል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ዋና መንገድ የነበረው ቤት አብዛኛው ከመቶ ብር በታች የሚከራይ ዓይነት ስለነበረ የቀበሌ ሆነ። ያ አዋጅ በተከራይ ዘንድ የተወደደ ነበር፤ መወደዱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ብዙ ድኻ ከዚያ ወዲህ ጎዳና ያልወጣው በዚያ ኪራይ ነው።

ነገር ግን ኪራዩ በቆመበት ቆመ፤ የጭድና የቆርቆሮ ዋጋ ግን አልቆመም። ቀበሌው ከሚሰበስበው ኪራይ ምርጊት የሚያስመረግበት ገንዘብ አይተርፈውም። ተከራዩ በራሱ ወጪ ልጠግን ቢል ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃዱን ቢያገኝም የሚጠግነው የራሱ ያልሆነውን ቤት ነው። የቀድሞው ባለቤት ደግሞ በመንገድ ሲያልፍ አንገቱን ወደ ሌላ ማዞርን ለመደ። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ቤቱ ግን ጎበጠ።

ይህ አሠራር ውጤታማ ሆኖ በመገኘቱ እንዲቀጥል ተደንግጓል። ቤቱ ከ40 ክረምት ላላነሰ ጊዜ ሳይጠገን ይቆያል። ከዚያ ባለሙያ ተልኮ «ለነዋሪው ደኅንነት አስጊ ነው» ሲል ይጽፋል። የባለሙያው ጽሑፍ ፍጹም እውነት ይሆናል።

አንቀጽ 6. ስለ ቅርስ ምዝገባ

የመጀመሪያው የቅርስ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 229/1958፣ ጥንታዊ ቅርስ የሚለው ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነበር። ሆሳዕና በዚያ ዓመት ገና አልተቆረቆረችም። በዚህ ብልህ ቀመር መሠረት ከተማዋ የተወለደችው ቅርስ የመሆኛው በር ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ምንም ያህል ብትኖር ልትደርስበት አትችልም ነበር።

ችግሩ የመጣው ኋላ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ዘመን ገደብ የሳይንስ፣ የታሪክ፣ የባህል፣ የኪነ ጥበብና የእደ ጥበብ ፋይዳ ያለውን የሰው ሥራ ሁሉ ቅርስ ሊባል እንደሚችል ደነገገ፤ የማይንቀሳቀስ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሳትንም ከለከለ። በወረቀት ሲታይ አንዲት የአራዳ ሻይ ቤት እንኳ በዚህ ሕግ ልትከራከር ትችላለች። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶችን አገር አቀፍና ክልላዊ ብሎ ሲከፍል ለትንሽ ከተማ ቤት ተጨማሪ በር ከፈተለት፤ ለአገር የማይበቃ ቤት ለክልል ሊበቃ ይችላልና።

ይህን አደጋ ለመከላከል የቅርስ መዝጋቢ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ተሽከርካሪ፣ ነዳጅና የውሎ አበል እስኪመደብለት ድረስ በእግሩ እንዳይንቀሳቀስ የተከለከለ ነው። መዝገቡ ባዶ እስከሆነ ድረስ የፈረሰ የተመዘገበ ቅርስ አይኖርም፤ ይህም በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «በቅርስ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም» ተብሎ በአፈጻጸም ዓምድ ይሰፍራል።

አንቀጽ 7. የአፈራረስ ሥርዓት

ተሰናባቹ ቤት በቅድሚያ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት ይደረግበታል። ለብዙዎቹ ቤቶች ከዓመታት በኋላ የተቀቡት የመጀመሪያ ቀለም ይህ ስለሚሆን ቀቢው እጁን ሳይሰስት ይቅባ። ነዋሪው ዕቃውን ያወጣል፤ ቆርቆሮውና በሩ ይሸጣል፤ የጽድ ቋሚው፣ ምስጥ ሊበላው ያልቻለው፣ ለማገዶ ይሆናል። የቀረውን ኤክስካቫተሩ በአንድ ማለዳ ይጨርሰዋል። ጭቃ ወደ ጭቃነቱ ስለሚመለስ ከፍርስራሹ የሚለቀም ታሪክ አይገኝም፤ በዚህ ረገድ የጭቃ ቤት ከድንጋይ ቤት ይልቅ ለአስተዳደር የተመቸ ነው።

ካሳን በተመለከተ፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በዋናነት የሚተመነው በላዩ ያለው ንብረት ነው። ቋሚው፣ ማገሩ፣ ቆርቆሮው፣ የጓሮው እንሰትና ቡና ይቆጠራል። ለዘመን የሚከፈልበት መስመር በቅጹ ላይ የለም። የቀበሌ ቤት ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይቀላል። የቤቱ ባለቤት መንግሥት ነው፤ መንግሥትም ለራሱ ካሳ አይከፍልም፤ ተከራዩ ምትክ የቀበሌ ቤት ካገኘ አመስግኖ ይሄዳል። በዚህ ስሌት በከተማ ውስጥ ለማስለቀቅ እጅግ ርካሽ የሆነው መሬት አሮጌዎቹ ቤቶች ያሉበት መሬት ነው። መንገዱ ለምን ሁልጊዜ በአሮጌው ሰፈር በኩል ማለፍ እንደሚወድ የሚጠይቅ ሰው ይህን ንኡስ አንቀጽ ደግሞ ያንብበው።

ለአሠራሩ የሚሆን ልምድ ከአዲስ አበባ ይቀሰማል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ በሳምንታት ውስጥ መልኩን ለውጧል። ከዚያ ወዲህ ኮሪደሩ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ ሆሳዕናም ደርሷታል። ትልቁ ከተማ በመቶ ዓመት የገነባውን በዚያ ፍጥነት ማንሳት ከቻለ ትንሹ ከተማ ወደኋላ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

አንቀጽ 8. ስለ ተተኪው ሕንፃ

የመንገዱን ዳር የለወጠው ኤክስካቫተር ብቻ አይደለም። ከ1990ዎቹ ወዲህ የሀዲያና የከምባታ ወጣት በብዛት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል፤ ብዙው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል፣ ከፊሉ መንገድ ላይ ቀርቶ። የደረሰው በጥቁሮች ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ተኝቶ፣ ዘረፋና ግድያ እያንዣበበበት የሰበሰበውን ብር ወደ ቤት ላከ። ዛሬ በሆሳዕና መንገድ ዳር የቆመው ባለ ፎቅ ብዙው የዚህ ብር ሥራ ነው። እዚህ ላይ አዋጁ ፌዙን ለጥቂት መስመር ያቆማል። ይህ ሰው የአባቱን ጭቃ ቤት አፍርሶ ፎቅ ቢሠራ ማንም በቅርስ ስም ሊወቅሰው አይችልም፤ ጭቃ ቤቱን የሸሸው እርሱ ነው እንጂ ስለ ጭቃ ቤት የሚጽፈው ሰው አይደለም።

ፌዙ ከሕንፃው ቅርጽ ላይ ይቀጥላል። ተተኪው ሕንፃ ጂ ፕላስ ተብሎ ቁጥር የሚከተለው ይሆናል፤ ምድር ቤቱ ለባንክ፣ አንደኛው ፎቅ ለካፌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለፔንሲዮን ይመደባል። ፊቱ በሰማያዊ መስታወትና በአሉሚኒየም ይሸፈናል። መስታወቱ ቀን ላይ ፀሐይ ሲይዝ ውስጡ ያለው ሰው መጋረጃ ይዘጋል፤ መስታወት የገባው ብርሃን ለማስገባት ነበር የሚል ክርክር ተቀባይነት የለውም። ከጣሪያው በላይ የቋሚዎቹ ፌሮ ወደ ሰማይ ወጥቶ መታየት አለበት፤ ይህም የሚቀጥለው ፎቅ ብሩ ሲመጣ እንደሚሠራ ለሰማይ የተሰጠ ማረጋገጫ ነው። በረንዳ የተከለከለ ነው። ዝናብ ሲጥል መንገደኛው ወደ ባንኩ ይግባ፤ ጥበቃው ምን ፈልጎ እንደመጣ ሲጠይቀው ሒሳብ ለመክፈት ነው ይበል።

አንቀጽ 9. ስለ መታሰቢያ

የተሰናበተ ቤት ያለ መታሰቢያ አይቀርም። ክቡ የሣር ቤት በሲሚንቶ ግድግዳና በፋብሪካ ሣር ተመስሎ በሆቴል ግቢ ውስጥ ይተከላል። ከብቶች ይቆሙበት በነበረው ወገን ባንኮኒ ይገባል፤ በምሰሶው ላይ ቴሌቪዥን ይሰቀላል። ክትፎና የሀዲያው ምግብ አታካና ከክፍያ ጋር ይቀርባል።

የግድግዳ ሥዕልን በተመለከተ ወደ ሀላባ ቁሊቶ የሚያልፍ መንገደኛ በየመንገዱ ዳር የተቀቡ ቤቶችን አይቶ መደነቁ የተለመደ ነው። እነዚያ ቤቶች ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ናቸው። በዚህ አዋጅ ክልል ግን ሥዕሉ ከቤቱ ተነጥሎ በባነር ላይ ይታተማል። ባነሩም በያሆዴ በዓል በሀዲያ ነፈራ፣ በመሳላ በዓልም በከምባታ ይሰቀላል። ከባነሩ ፊት የሚቆም ተናጋሪ ሁሉ «ባህላችንን ለትውልድ እናስተላልፋለን» የማለት ግዴታ አለበት፤ ምን እንደሚያስተላልፍ በዝርዝር እንዲገልጽ አይገደድም።

አንቀጽ 10. ስለ እምነት ቤቶች

የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ሆሳዕና፣ የካፑቺን ካቶሊኮችም በዚያው ዘመን ገደማ ወደ ከምባታ ዋሰራ ሲመጡ የሠሯቸው የጸሎት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች ባለቤት ስላላቸው ከቀበሌ ቤት የተሻለ ዕድሜ አላቸው። ሆኖም አዋጁ አይተዋቸውም፤ ማስገደድም አያስፈልግም፤ ምእመኑ ራሱ ይተባበራል። ጉባኤ ሲበዛ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ መዋጮ ይሰበሰባል፣ በጭቃና በቆርቆሮ የተሠራችው የመጀመሪያይቱ ቤት በዝማሬ ፈርሳ በስፍራው ትልቅ አዳራሽ ይቆማል። እዚህ አፍራሹም ባለቤቱም አንድ ስለሆነ ካሳ አይጠየቅም፤ የአዳራሹ ስፋት ብቻ ይጠየቃል።

አንቀጽ 11. መጠቀስ የተከለከሉ ምሳሌዎች

አሮጌ ቤት ሰው እየኖረበት ሊቆይ እንደሚችል የሚያስመስሉ የሚከተሉት ጉዳዮች በማንኛውም ስብሰባ ላይ አይነሱም። የሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የገባው ቤተሰብ በሚኖርባቸውና በየጊዜው በሚለሰኑ ቤቶች ነው። ባዶ ግንብ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። የአዲስ አበባው ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበት ታድሶ እንግዳ መቀበሉን ቀጥሏል፤ እሳት ያልጨረሰውን ቤት «አስጊ ነው» ብሎ መጻፍ ለባለሙያ ያስቸግራል።

ከባሕር ማዶ የኒውዮርኩ ፔንስልቬንያ ባቡር ጣቢያ ይበልጥ አደገኛ ነው። ጣቢያው ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአደባባይ ሲፈርስ ሕዝቡ ተቆጣ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ከተማዋ ታሪካዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ሕግና ኮሚሽን አቋቋመች። ከዚህ የሚወሰደው የአሠራር ትምህርት ግልጽ ነው። ትልቅ ነገር በአንድ ጊዜ በጩኸት አይፈርስም፤ ትንንሽ ቤቶች በተራ በተራ፣ ከተቻለ ቅዳሜ ማለዳ፣ ይነሳሉ።

አንቀጽ 12. ቅጣት

አሮጌ ቤት ሊፈርስ ሲል ፎቶ ያነሳ ሰው ፎቶውን ከሃያ ዓመት በኋላ ለከተማው የምሥረታ በዓል መጽሔት በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በፎቶው ሥር «የቀድሞዋ ሆሳዕና በከፊል» ተብሎ ይጻፋል።

አንቀጽ 13. የተሻሩና ያልተሻሩ ሕጎች

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በዚህ አዋጅ አልተሻረም፤ መሻር ማለት መኖሩን ማመን ነው። መንግሥት ቅርስን የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት የሚናገረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 9፣ ግዴታውንም ለመንግሥትና ለኢትዮጵያውያን ሁሉ የሚያካፍለው አንቀጽ 91 ንኡስ አንቀጽ 2 እንደተጻፉ ይቆያሉ። ግዴታው የሁሉም ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን ሲፈጽመው ቢገኝ የሌሎችን ድርሻ እንደወሰደ ይቆጠራል።

አንቀጽ 14. የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ይህ አዋጅ በሚወጣበት ቀን በመፍረስ ላይ ያለ ቤት እንደ ፈረሰ ይቆጠራል። በመታደስ ላይ ያለ ቤት ቢገኝ ጉዳዩ ልዩ ስለሆነ ለሚመለከተው አካል ይመራል፤ የሚመለከተው አካል እስኪታወቅም እድሳቱ ይቆማል።

አንቀጽ 15. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ጀምሮ የጸና ነው።